ያልተበደርኩት ዕዳ ስሜ ላይ ምን ይሠራል? የክሬዲት ሪፖርት ስህተትና ማስተካከያው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ልገዛ አንድ ሻጭ ፊት ተቀምጬ ነበር። ቅጹን ሞላሁ፣ ጠበቅኩ። ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ተቀይሯል። ወለዱም መጀመሪያ ከነገረኝ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለምን ስለው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። «ኮሌክሽን አለብህ» አለኝ፤ ለዕዳ አስመላሽ የተላለፈ ያልተከፈለ ዕዳ ማለት ነው። ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ያለ ሆስፒታል። ከ1,100 ዶላር በላይ ያልተከፈለ ሂሳብ። እኔ ደግሞ ኦሃዮን በካርታ ካልሆነ በቀር አላውቃትም።

መኪናውን ሳልገዛ ወጣሁ። ማታ ሪፖርቴን አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የእኔ ስም ትክክል ነው። የአባቴም ስም ትክክል ነው። «የቀድሞ አድራሻ» በሚለው ሥር ግን ኖሬበት የማላውቅ ቤት ተጽፏል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ስሙ ከእኔ ጋር አንድ የሆነ የሀገሬ ልጅ ኦሃዮ ውስጥ ታሞ ታክሟል፤ ሂሳቡ እኔ ዘንድ መጥቷል።

አሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በተለይ እኛን የሚያጠቃበት ምክንያትም አለው። መፍትሔውም አለ፤ በነፃ ነው፤ ሕግም ይደግፈዋል።

ክሬዲት ሪፖርት ምንድን ነው? ከስኮሩስ በምን ይለያል?

የዕድር መዝገብን ያስቡ። ጸሐፊው ማን በወቅቱ እንደከፈለ፣ ማን እንዳዘገየ ይጽፋል። ቤት ለቤት ግን አይዞርም። የሚጽፈው ገንዘብ ሰብሳቢው የነገረውን ነው። ሰብሳቢው ተሳስቶ «እገሌ አልከፈለም» ካለ፣ ደረሰኙ ኪስዎ ውስጥ ቢሆንም መዝገቡ ላይ አልከፈሉም።

አሜሪካ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ጸሐፊዎች አሉ። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉት የክሬዲት ቢሮዎች ናቸው። ብዙ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስሉታል። አይደሉም፤ ለትርፍ የቆሙ የግል ኩባንያዎች ናቸው። ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ባንኮች፣ የክሬዲት ካርድ ድርጅቶች፣ የመኪና አበዳሪዎችና ዕዳ አስመላሾች ናቸው። እነዚህን «መረጃ አቅራቢዎች» እንበላቸው። አቅራቢዎቹ ለሦስቱም ቢሮ የመላክ ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ ሦስቱ መዝገቦች አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንዱ ላይ ያለ ስህተት ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል።

ሪፖርቱ ዝርዝሩ ነው። ስኮር የሚባለው ከዝርዝሩ የሚሰላው ቁጥር ነው። በብዛት የሚሠራበት የፋይኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። 35 በመቶው የሚወሰነው በወቅቱ በመክፈልዎ ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ባለብዎት ዕዳ መጠን። ስለዚህ «ስኮሬን አስተካክሉልኝ» ብሎ ነገር የለም። የሚስተካከለው ሪፖርቱ ነው። እሱ ሲስተካከል ቁጥሩ ራሱ ይከተላል።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? ለምንስ እኛ ላይ ይበዛል?

ቀላሎቹ ስህተቶች የታወቁ ናቸው። የተከፈለ ዕዳ እንዳልተከፈለ ይቀመጣል። አንድ ዕዳ ከባንክ ወደ አስመላሽ ሲሸጥ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የተዘጋ ሂሳብ ክፍት ይመስላል። በወቅቱ የከፈሉት ወር «30 ቀን ዘግይቷል» ይባላል።

ከባዱ የሁለት ሰው መዝገብ መቀላቀል ነው። ኮምፒውተሩ አንድ መረጃ ሲደርሰው የማን እንደሆነ የሚገምተው በስም፣ በአድራሻ፣ በልደት ቀንና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። ሁሉም ፊደልና ቁጥር እንዲገጥም ግን አይጠብቅም። ሰው ሲጽፍ ስለሚሳሳት መጠነኛ ልዩነትን እንዲያልፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ከዘጠኙ የሶሻል ቁጥሮች ሰባቱ ብቻ ገጥመው የሁለት ሰዎች መዝገብ የተቀላቀለባቸው ጉዳዮች ፍርድ ቤት ደርሰዋል።

አሁን የእኛን ስም እዚህ ውስጥ ይክተቱት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። አሜሪካ ግን የአባታችንን ስም «ላስት ኔም» ብላ መዘገበችው። የአንዱን ሰው ደግሞ የአያቱን ስም። ተስፋዬ፣ ከበደ፣ በቀለ፣ ኃይሉ የሚባል አባት ያለው ሰው ስንት ነው? ሰለሞን ተስፋዬና ሳሙኤል ተስፋዬ ወንድማማቾች ቢሆኑ፣ አንድ ቤት ቢኖሩ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለቱም «ኤስ ተስፋዬ» ናቸው። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) በፊት አብረው መጥተው በአንድ ቀን ሶሻል ያወጡ ቤተሰቦች ቁጥራቸው ተከታታይ የሚሆንበት ጊዜ ነበር፤ ልዩነቱ የመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ትሆናለች። የዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ነው አሠራሩ ተቀይሮ ቁጥሩ በዘፈቀደ መሰጠት የጀመረው።

አጻጻፉም ሌላ ጣጣ ነው። «ፀጋዬ»ን በእንግሊዝኛ አንዱ በቲ እና ኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። «ኃይሉ» በአይ ይጻፋል፣ በዋይም ይጻፋል። ባንኩ አንድ ዓይነት፣ ሆስፒታሉ ሌላ ዓይነት፣ የስልክ ኩባንያው ሦስተኛ ዓይነት ሲጽፈው፣ ወይ የእርስዎ መዝገብ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይ የሌላ ሰው ይጨመርበታል።

በስም ብቻ ሰውን ማዛመድ ምን እንደሚያደርስ አንድ የታወቀ ጉዳይ ያሳያል። በ2011 ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒሳን ሊገዛ ሄደ። ሻጩ የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አየና «አንሸጥልህም፤ ስምህ የአሸባሪዎች ዝርዝር ላይ አለ» አለው። መኪናው በሚስቱ ስም ተገዛ። ኩባንያው የሰውየውን ስም ከመንግሥት ዝርዝር ጋር ያመሳሰለው የልደት ቀን እንኳ ሳያይ፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። ክሱ 8,185 ሰዎችን ያቀፈ ሆኖ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ካሣ መጠየቅ የሚችሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው 1,853 ሰዎች ብቻ ናቸው አለ። ራሚሬዝ ከእነሱ አንዱ ነበር።

ስህተቱ ምን ያህል የተለመደ ነው ለሚል፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ያወጣው ጥናት አለ። ከአምስት ሰዎች አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ፣ ካመለከተ በኋላ የተስተካከለ ስህተት ነበረበት። ከመቶ አምስቱ ደግሞ ስህተቱ ብድር የሚያስወድድባቸው ዓይነት ነበር።

ሪፖርቴን የት አገኛለሁ? ምኑን ልይ?

ሕጋዊው ቦታ አንድ ነው፤ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም። የሦስቱንም ቢሮ ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል። ካርድ ቁጥር የሚጠይቅዎ ገጽ ከሆነ ቦታው አይደለም፤ ይውጡ። ብድር ከተከለከሉ ደግሞ አበዳሪው የየትኛውን ቢሮ ሪፖርት እንዳየ ሊነግርዎ ይገባል። ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ያንን ሪፖርት በነፃ የመጠየቅ መብት አለዎት። የራስን ሪፖርት ማየት ስኮር አይቀንስም። ይህን የምለው ፈርተው ለዓመታት ሳያዩ የቆዩ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው።

ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ዕዳዎቹ ይዘላል። እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ገጽ ረጋ ብሎ ማንበብ ነው። ስሞቹን ሁሉ ይዩ፤ አራት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖር ይችላል። የቀድሞ አድራሻዎችን ይዩ። የቀድሞ አሠሪዎችን ይዩ። የማያውቁት ከተማ እዚያ ካለ፣ የማያውቁት ዕዳም ከታች አለ ማለት ይቻላል። እኔ ያገኘሁት በዚያ መንገድ ነው።

ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ማድረግ ያለበት ከወራት በፊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አቤቱታ ያልተቋጨበት ሂሳብ ካለ የሞርጌጅ አበዳሪው ጉዳዩ እስኪያልቅ ሊያቆመው ይችላል። ሻጭ ደግሞ አይጠብቅም።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

በእንግሊዝኛ ዲስፒዩት ይሉታል። በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም በደብዳቤ ይቻላል። እኔ ለደብዳቤ አደላለሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ስልክ ላይ የተነገረ ነገር ነገ ማስረጃ አይሆንም። ደብዳቤው በሰርቲፋይድ ሜይል ይላክ፤ የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ካርድ ይመለስልዎታል። ሀገር ቤት አደራ ደብዳቤ እንደምንለው ነው።

መጀመሪያ ግን ከወዲያ ማዶ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። ቢሮው አቤቱታዎን ኢ-ኦስካር በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ለአቅራቢው ያስተላልፋል። ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፉት ታሪክ እዚያ ሲደርስ በአጭር ኮድ ይጠቃለላል። «የእኔ አይደለም» የራሱ ኮድ አለው። «ከፍያለሁ» የራሱ አለው። አቅራቢው ኮዱን አይቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ያመሳክራል። የእሱም ኮምፒውተር ላይ ያው ስህተት ስላለ «ትክክል ነው» ብሎ ይመልሳል። ወደ ዕድራችን እንመለስ። ጸሐፊው ሰብሳቢውን «ከፍሏል እንዴ?» ይለዋል። ሰብሳቢው «አልከፈለም» ይላል። ጉዳዩ ተጣራ ይባላል።

ይህን የሚሰብረው ማስረጃ ነው። ከ2013 ወዲህ ቢሮዎቹ እርስዎ የላኩትን ሰነድ ለአቅራቢው አያይዘው ማስተላለፍ ይችላሉ። ስለዚህ ደብዳቤው አጭር፣ ሰነዱ ጠንካራ ይሁን። የእኔ ደብዳቤ ፍሬ ነገሩ አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። «ይህ የሆስፒታል ዕዳ የእኔ አይደለም። ኮለምበስ ኖሬ አላውቅም። በታካሚው የሕክምና ወር አሌክሳንድሪያ ተከራይቼ፣ ሥራ ላይ እንደነበርኩ የሚያሳይ የኪራይ ውልና የደመወዝ ወረቀት አያይዣለሁ። ዕዳውና የኮለምበስ አድራሻው ከመዝገቤ ይሰረዙልኝ።» ከዚህ ጋር የመንጃ ፈቃዴን ቅጂ፣ አድራሻዬን የሚያሳይ የመብራት ሂሳብ፣ ስህተቱ በቀለም የተከበበበትን የሪፖርቱን ገጽ አደረግሁ። ሁሉም ቅጂ ነው። ዋናውን ለማንም አይስጡ።

ስህተቱ ሦስቱም ላይ ካለ ለሦስቱም ይጻፉ። ለአቅራቢውም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ለአቅራቢው ብቻ ጽፈው ለቢሮው ሳይጽፉ አይቅሩ። በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ነገሩን የማጣራት ኃላፊነቱን ባልተወጣ አቅራቢ ላይ ክስ እንዲያቀርቡ የሚፈቅድልዎ፣ አቤቱታው በቢሮው በኩል ደርሶት ከሆነ ነው። ይህን ባለማወቅ ለዓመት ከባንክ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሰዎች መብታቸው ሳይጀምር ቀርቷል።

ቢሮው ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ 30 ቀን አለው። አቤቱታው አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ያወጡትን ነፃ ሪፖርት አይተው ያቀረቡት ከሆነ፣ ወይም መሀል ላይ ተጨማሪ ሰነድ ከላኩ 45 ቀን ሊሆን ይችላል። ሲጨርስ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ውጤቱን በጽሑፍ ያሳውቅዎታል። ሊረጋገጥ ያልቻለ መረጃ መሰረዝ ወይም መስተካከል አለበት። ማረጋገጥ የእነሱ ሥራ ነው። ከተስተካከለ በኋላ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተሳሳተውን ሪፖርት ላየ ድርጅት አዲሱ እንዲላክለት መጠየቅ ይችላሉ።

«አጣርተን ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል» ቢሉኝስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው እጅ የሚሰጠው። እባክዎ እጅ አይስጡ።

ያንኑ ደብዳቤ መልሶ መላክ ግን አይሠራም። አዲስ ነገር ከሌለው «መሠረት የለውም» ብለው ሊጥሉት ይችላሉ። አዲስ ማስረጃ ይፈልጉ። እንዴት እንዳጣሩ እንዲነግሩዎም ይጠይቁ፤ ሲጠየቁ በ15 ቀን ውስጥ የመግለጽ ግዴታ አለባቸው። ከዚያ የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አለ። አቤቱታ በኢንተርኔት ይቀበላል፤ ለኩባንያው ያስተላልፋል። ለሚኖሩበት ክልል ዋና ዐቃቤ ሕግም ማመልከት ይቻላል። መዝገቡ ላይ 100 ቃል ያህል የራስዎን ማብራሪያ ማስገባትም መብትዎ ነው። ስኮሩን ግን አይለውጠውም። እኔ ጊዜዬን እዚያ ላይ አላጠፋም።

የመጨረሻው መንገድ ጠበቃ ነው። ገንዘብ የለኝም ብለው አይፍሩ። በዚህ ሕግ ሸማቹ ካሸነፈ የጠበቃውን ክፍያ የሚከፍለው ተከሳሹ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ጉዳይ ካለዎት ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚይዙ ጠበቆች አሉ። ክሱ መቅረብ ያለበት ጥሰቱን ባወቁ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ኦሪገን ክልል ጁሊ ሚለር የተባለች ሴት መዝገቧ ከሌላ ጁሊ ሚለር ጋር ተቀላቅሎባት ለሁለት ዓመት ያህል ለኢኩዊፋክስ ደጋግማ አመለከተች። የሰማት አልነበረም። በ2013 ዳኞች ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱላት። በኋላ ዳኛው መጠኑን በጣም ቀነሱት፤ ማሸነፏ ግን ጸና።  ማመልከትዎን የሚያሳይ ወረቀት የሚያስፈልግዎ ለዚህ ነው።

እውነተኛ የሆነ መጥፎ መረጃስ ይሰረዛል?

አይሰረዝም። ጊዜው ሲደርስ ግን ይወጣል። ዘግይቶ የተከፈለ ሂሳብና ኮሌክሽን እስከ ሰባት ዓመት፣ ቻፕተር 7 የተባለው ባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት ኪሳራ ማወጅ) እስከ አሥር ዓመት ይቆያል። ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው መጀመሪያ መክፈል ካቆሙበት ጊዜ ተነስቶ ነው። ዕዳው ለሌላ አስመላሽ ቢሸጥም ቆጠራው እንደ አዲስ አይጀምርም። አስመላሹ ቀኑን ወደፊት ከገፋው ያ ራሱ ስህተት ነው፤ አቤቱታ ይቀርብበታል።

የሕክምና ዕዳ ለየት ይላል። ሦስቱ ቢሮዎች በ2022 እና በ2023 ባደረጉት ለውጥ፣ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን፣ ዓመት ያልሞላውም፣ መጀመሪያ ላይ ከ500 ዶላር በታች የነበረውም ከሪፖርት ወጥቷል። እነዚህ አሁንም እርስዎ ጋ ካሉ ይጻፉ።

«ክሬዲትዎን በ30 ቀን እናጸዳለን» የሚሉ ሰዎች በየሬዲዮውና በየቴሌግራሙ አሉ። እነሱ የሚያደርጉትን እርስዎ በቴምብር ዋጋ ያደርጉታል። ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበል ስለ ክሬዲት ጠጋኝ ድርጅቶች በ1996 በወጣው ሕግ ተከልክሏል። «በሶሻልዎ ምትክ አዲስ ቁጥር እናወጣልዎታለን» የሚልዎ ካለ ደግሞ ወንጀል ውስጥ እየከተተዎት ነው። ለአረንጓዴ ካርድና ለዜግነት የሚጠባበቅ ሰው ይህን አይንካ።

ዕዳው በስሜ የተጭበረበረ ከሆነስ?

ይህ ከተራ ስህተት የፈጠነ መንገድ አለው። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይ ሪፖርት ያድርጉ። ያንን ወረቀት ከመታወቂያ ጋር ለቢሮዎቹ ሲልኩ፣ የተጭበረበረውን ሂሳብ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ማገድ አለባቸው። መዝገብዎንም ያስቆልፉት። ፍሪዝ ይባላል፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ በነፃ ነው። በተቆለፈ መዝገብ ላይ ማንም በስምዎ አዲስ ካርድ ማውጣት ይከብደዋል። እርስዎ ሲፈልጉ ይከፍቱታል። ስኮር አይነካም።

የእኔን ጉዳይ መጨረሻ ልንገርዎ። ሁለቱ ቢሮዎች በወሩ ሰረዙት። ሦስተኛው «ትክክል ነው» አለኝ። ሆስፒታሉ የሂሳብ ክፍል ደወልኩ፤ የልደት ቀኔን ነገርኳቸው። የታካሚው ልደት ከእኔ ጋር እንደማይገጥም አይታ አንዲት ሠራተኛ አንድ አንቀጽ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ያንን አያይዤ ስጽፍ ሦስተኛውም ሰረዘው። ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው መልስ አራት ወር ፈጀ። የኮለምበስ አድራሻ ግን አንዱ ሪፖርት ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ለብቻው ጽፌ አስወጣሁት።

የተቀላቀለ መዝገብ በሁለቱም በኩል ነው የሚቀላቀለው። ያ ኦሃዮ ያለው ልጅም አንድ ቀን ሪፖርቱን ከፍቶ፣ ኖሮበት የማያውቅ የአሌክሳንድሪያ ቤት አይቶ ይሆናል። ምናልባት እስከ ዛሬ እዚያው አለ።